ከአልጋው እስከ በሩ

ውድ እትዬ፣

ይህች ወረቀት ሙሉ ጤና ሆነሽ፣ ሥራሽም ቀንቶሽ ታግኝሽ። እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ደህና ናት።

እኔ ሰሞኑን ቢሮ አፍሬ ሰነበትኩ። የአንድ ገበሬ ማሳ ኮምፒውተር ላይ ለክቼ፣ ከእውነተኛ ስፋቱ በመቶ ስድስት ያህል አስበልጬው ተገኘሁ። አለቃዬ "መሬቱን እንደ ላስቲክ ሳብከው እንዴ?" አለኝ። ጥፋቱ የፕሮጄክሽን ነው። ክቧ ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስትዘረጋ፣ እኔ የመረጥኩት የአዘረጋግ ዘዴ ከምድር ወገብ የራቀውን ሁሉ ይለጥጠዋል። ስፋት የማያዛባውን መርጬ ስለካው ማሳው ወደ ልኩ ተመለሰ።

ይህን ለእማዬ ሳጫውታት አልሳቀችም። "የኛም ቤት እየሰፋ ነው" አለችኝ። ከአልጋዋ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ ሆኗል አለች። ሞኝ አትበዪኝና ሜትር አምጥቼ ለካሁት። አራት ሜትር ነው፣ ልክ አባዬ እንደሠራው። "እንግዲያው ሜትርህም አብሮ ተለጥጧል" ብላኝ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ዛሬ ጠዋት ጓዳ ሆኜ ድምፅዋን ሰማሁ፤ እየቆጠረች ነበር። አሥራ ዘጠኝ ስትል በሩ ገና አልተከፈተም። ሄጄ ከፈትኩላት። ግድግዳውን ይዛ፣ ገና መሃል ላይ ቆማለች።

"የቀረውን ነገ እቆጥረዋለሁ" አለችኝ።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ለዓመቱ መጨረሻ ያቆየሽውን ፈቃድ፣ አለቃሽ እሺ ካለሽ አሁን ውሰጂው። ስለ መኝታ አታስቢ፤ ቤቱ ሰፊ ነው።

ናፍቆትሽ የጠናበት ታናሽ ወንድምሽ