ጳጉሜን የማያውቀው መዝገብ

መስከረም 10፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00
ፍላሹ ከሞጣ በአውቶቡስ ደረሰ። አይከፈትም። ሦስቴ ሞከርሁ። የፋይሉ ዓይነት አይታወቅም ይላል።
የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎችን ቀጠሮ እኔ እዚህ ቢቸና ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል በአሮጌው ፕሮግራም አስገባለሁ። የሞጣ ሆስፒታል ሰዎች ከሌላው ጣቢያ ጋር ይደምሩትና ማን መቼ እንደሚመጣ፣ ማን እንደቀረ በዝርዝር ይመልሳሉ። ከነሐሴ ወዲህ እነሱ አዲስ ቨርዥን አስገብተዋል። የእኛው ኮምፒውተር አይችለውም። የነሐሴውን ዝርዝር ስንኳ በወረቀት አትመው ነው የላኩልን።
ደረጀ ጋ ደወልሁ፤ የሞጣው የኮምፒውተር ባለሙያ። እትዬ ይመኙ፣ ያ ኮምፒውተር ጡረታው አልደረሰም እንዴ ብሎ አሾፈ። እኔ ሳልወጣማ እሱ አይወጣም አልሁት። ሳቀ። በአሮጌው ዓይነት አድርጎ ዳግም ይልካል።

መስከረም 11፣ ማክሰኞ
ተከፈተ። ከቀጠሮው የቀረ ሰው የለም ይላል። ሲ/ር ዘሀራ፣ ከደሴ ተመድባ የመጣችው ነርሳችን፣ ደስ አላት። በሉ እንግዲህ መስቀልን በሰላም ዋሉ አለችን።
እኔን ደስ አላለኝም። በዓመት በዓል ሰሞን አንድም ሰው አይቀርም? ቆጠርሁ። የላክሁት ስድሳ አራት። የተመለሰው ሃምሳ ሰባት።

መስከረም 12፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00
ካርዶቹን ከሣጥኑ አውጥቼ ከዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ ካርድ የሚያገላብጥ የለም። እኔም ብሆን።
የጠፉት ሰባት። ስድስቱ ቀጠሯቸው ጳጉሜን ነው። ሰባተኛው ግን ጥቅምት 30። እሱ ነው ጧቱን ሁሉ የበላብኝ። ምሳ አልበላሁም። በኋላ ግድግዳው ላይ ያለውን የሁለቱን አቆጣጠር ካላንደር ሳይ ገባኝ። ፈረንጅ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። የእኛን ጥቅምት የሚለካበት ሁለተኛው ወሩም ሠላሳ አይሞላም። አሮጌው ፕሮግራም ቀኑን እንደ ጽሑፍ ይይዛል፤ የሰጡትን ይቀበላል። አዲሱ ይመረምራል። በፈረንጅ ወር ለክቶ ያልሆነለትን ይጥላል። ድምፅ ሳያሰማ።
ለደረጀ ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የተጣሉት የሚከማቹበት ሰንጠረዥ አለ፣ ከፍተነው አናውቅም አለ። ከፈተው። ሰባቱም እዚያው ናቸው። ቀኑን እንደ ጽሑፍ እንዲይዝ አደርገዋለሁ አለ።
የጥቅምቱ ገና ነው። የጳጉሜኖቹን አምስቱን ዘሀራ ካርዳቸውን አይታ መድኃኒት ሰጥታቸዋለች፤ ፊርማዋ አለ። የአንዱ ካርድ ባዶ። ፈንቴ አ.፣ ገበሬ። ቀጠሮው ጳጉሜን 3።

መስከረም 14፣ ዓርብ
ዐሥራ ስድስት ቀን ያለ መድኃኒት። ፈልጎ የሚያመጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ለመስቀል ወደየቤተሰቡ ሄዷል። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሥራ አይደለም። ልሂድ አልሁ።
የአንድ ሰዓት መንገድ። ጭቃ። ሚስቱ አገሬ በሩን ግማሽ ከፈተች። አምበር ከተማ ሄዷል አለች። ከውስጥ ሳል ሰማሁ። መስማቴን አየች። እሺ ብዬ ተመለስሁ።
ደብተሬ፣ ላንቺም ጽፌልሽ የማላውቀውን ልጻፍ። ባሌም ይኸው በሽታ ነበረበት። መድኃኒቱ ሆዴን አቃጠለኝ ብሎ ተወው። ከጤና የመጣችው ልጅ ስትጠይቀኝ ደብረ ኤልያስ ሄዷል አልኋት። ከመጋረጃው ጀርባ ነበር፣ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ። ለሱ ያዘንሁ መስሎኝ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ቀበርሁት። ለቅሶ የመጡት ምን ያላደረግሽለት አሉኝ።

መስከረም 15፣ ቅዳሜ
ተመልሼ ሄድሁ። ደጃፉ ላይ ቁሜ የባሌን ነገር ለአገሬ ነገርኋት። እንደ እኔ አትሁኚ አልኋት።
አላለቀሰችም። ተቆጣች። «እሱ መች ተወ! በቀኑ መጥቶ ነበር እኮ። መስኮት ላይ ያለችው ሴት ስምህ የለም፣ ሞጣ ሂድና ጠይቅ ብላ መለሰችው። በምን እግሩ ነው ሞጣ የሚሄድ?» ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺ አይደለሽ?»
ጳጉሜን 3 ዘሀራ ሥልጠና ላይ ነበረች። መስኮቱ ላይ የነበርሁት እኔ ነኝ።
አስታወስሁት። ዝናብ የመታው ሰው። ማንበብን ብቻዬን ስለተማርሁ ዛሬም በጣቴ ነው የምከተለው፤ ያን ቀንም ከሞጣ የመጣውን የነሐሴውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጣቴ ወረድሁ። ፊቱን አላየሁም። ጣቴን ነበር የማየው። የለህም አልሁት። ካርዱ ከጀርባዬ ሣጥን ውስጥ ነበር።
አገሬ ከበሩ ዘወር አለች። ገባሁ። አጥንቱ ቀርቷል። ጎረቤት ጠርተን በቃሬዛ አመጣነው። ከቃሬዛው ላይ ሁኖ ስሜ ተገኘ ወይ አለኝ።

መስከረም 18፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00
እሑድ ወደ ሞጣ ተልኳል። ደክሟል። ይድናል የሚለኝ የለም።
ከኋላው የሚላከውን ቅጽ የምሞላ እኔ ነኝ። ያቋረጠበት ምክንያት የሚል መስመር አለው። ደረጀ ደወለ። አስተካክዬዋለሁ እኮ፣ ያለፈውን ምን ያስነሳናል ይላል። ድምፁ ፈርቷል። ዘሀራም ቀስ ብላ፦ «እትዬ፣ በራሱ ፈቃድ ይበሉት። ከሥራ ያስወጡዎታል።»
በራሱ ፈቃድ ካልሁ ሞጣ ያሉት ችላ ያለ ሰው ነው ብለው ያዩታል። እሱም አልጋው ላይ ሁኖ ይሰማል።
ጻፍሁ። በፈቃዱ አይደለም። ጳጉሜን 3 በቀጠሮው ቀን መጥቷል። ስሙ ከዝርዝሩ ወድቆ ነበር። ካርዱን ሳላይ የመለስሁት እኔ ነኝ። ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈረምሁ።
በፖስታ አልልከውም። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዤው ሞጣ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ለፈንቴ አነብለታለሁ። ከዚያ ለኃላፊው።