በክፍል ውስጥ ያልተመለሰው ጥያቄ፦ የመምህር በድሉ ወልደገብርኤል የሕይወት ታሪክ

መምህር በድሉ ወልደገብርኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል ደጉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጅቱ አምሳሉ ኅዳር 12 ቀን 1926 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ ተወለዱ። አባታቸው በሰንጋ ተራ የታወቁ ቆዳ ነጋዴ ነበሩና ልጃቸው በንግዱ እንዲተካቸው ይመኙ ነበር። ልጅየው ግን ገበያ ሲወርዱ ዓይናቸው ከቆዳው ላይ ሳይሆን ከሰዎቹ ላይ ነበር። ይህ ሰው በማን ስም ማለ፣ ያኛውስ ይህ ሰው ያረደውን ሥጋ ለምን አይበላም እያሉ አላፊ አግዳሚውን ያስቸግሩ ነበር። አባታቸውም ይህ ልጅ ወይ ዳኛ ወይ ነገረኛ ይወጣዋል ብለው ንግዱን ለሌላ እንዳሰቡት በቤተሰባችን ሲወራ ኖሯል።

መምህር በድሉ በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1948 ዓ.ም. በታሪክ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ቀጥሎም ወደ ውጭ አገር ተልከው በሃይማኖቶች ጥናት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱና ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። የሰፈራችን ሰው ቄስም ሼህም ሳይሆኑ ሃይማኖት ማስተማር ምን የሚሉት ሥራ ነው ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም። እርሳቸው ግን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ እንዴት መጸለይ እንዳለብን የሚያስተምሩ ሌሎች አሉ፣ እኔ የማስተምረው ሰው እንዴት እንደሚጸልይና ለምን እንደሚጸልይ ነው እያሉ ሳይሰለቹ ያስረዱ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቦሰና ተክለጻድቅ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ትዕግሥት በድሉንና ፈቃደ በድሉን አፍርተዋል።

መምህር በድሉ ተማሪዎቻቸውን በወንበር ላይ ብቻ አላስተማሩም። ወደ ሰፈራችን ወደ አብነት ይዘዋቸው እየመጡ ለቅሶ ቤት አስቀምጠዋቸዋል፤ መስጊድም፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም አስገብተዋቸዋል። ጫማ በሚወለቅበት ይወለቃል፣ በሚቆምበት ይቆማል፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይጻፍም፤ ሕጋቸው ይህ ነበር። ተማሪዎቹም በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያነሡባቸው ነበር፤ “መምህር፣ እርስዎ ራስዎ ያምናሉ?” መልስ ያገኘ የለም። የወልደገብርኤል ልጅ መሆን የአባትን እምነት እንጂ የልጅን አይናገርም እያሉ፣ ገሚሶቹ ውጭ አገር ሄደው ካቶሊክ ሆነዋል አሉ፣ ገሚሶቹ ጨርሶ ትተውታል አሉ። ምክንያቱን የነገሩት በቤታቸው ለወይዘሮ ቦሰና ብቻ ነበር፤ “የእስላሙ ልጅ እኔን ፈርቶ እንዲመልስ አልፈልግም። የማርያም ልጅም በእኔ ተመክቶ እንዲሰንፍ አልፈልግም።”

በ1970 ዓ.ም. ሃይማኖት የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ነው የሚባልበት ጊዜ ነበርና፣ በመሥሪያ ቤታቸው የውይይት ክበብ መምህር በድሉ ከሰው ፊት እንዲቆሙ ተደረገ። የቀረበላቸው ጥያቄም ያው የተማሪዎቹ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ፤ ያምናሉ ወይስ አያምኑም? አላምንም ቢሉ ትምህርቱ እንደሚቀጥል ተነገራቸው። እርሳቸውም ተረጋግተው፣ “ተማሪዎቼ በየዓመቱ ጠይቀውኝ ያልመለስኩትን ለእናንተ ብመልስ አድልዎ ይሆንብኛል” አሉና ተቀመጡ። ትምህርቱ ታጠፈ፤ መምህሩም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እንዲደረድሩ ተዛወሩ።

ከዚህ ይልቅ የከበዳቸው የቤታቸው ነገር ነበር። የንስሐ አባታቸው ዝምታም ክህደት ነው ብለው ቀኖና ሰጧቸው። ወይዘሮ ቦሰናም፣ “አንዴ አዎን አምናለሁ ቢሉ ምን ነበረበት? ለእነሱም አልሆኑ፣ ለእመቤቴም አልመሰከሩ፤ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንን” ብለው አምርረው አለቀሱ። መምህር በድሉ ቀኖናውን ሳይከራከሩ ፈጸሙ፤ ዝምታቸውን ግን አልተዉም። በዚያው ዘመን ግን ዘወትር ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አልፈው ልደታ ማርያም ይሳለሙ ነበር። መልሱን ለፈለገ ሰው ስብሰባ መጥራት አያስፈልገውም፣ መስኮት መክፈት ይበቃው ነበር።

ትምህርቱ እንዲመለስ በየመስከረሙ ማመልከቻ ያስገቡ ነበር። አለቆች ተለዋወጡ፤ እርሳቸው ግን አልተለወጡም። በ1977 ዓ.ም. በመጨረሻ፣ ሃይማኖት የሚለው ስም ከወጣለት ባህል ተብሎ ይሰጥ ተባለ። “ስሙን ውሰዱት፣ ተማሪዎቹን ስጡኝ” ብለው ተቀበሉና ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ ተማሪዎቻቸውንም ወደ አብነት ለቅሶ ቤት እንደገና ይዘው መጡ።

ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ቢሠቃዩም፣ ድምፃቸው እስኪደክም ድረስ አስተምረዋል። ትምህርቱን የተረከቧቸው የቀድሞ ተማሪያቸው መምህር ሁመድ ይመር ሆስፒታል ሊጠይቋቸው በሄዱ ጊዜ፣ ያንኑ የድሮ ጥያቄ አንሥተውባቸው ነበር። መምህር በድሉም እየሳቁ፣ “ላንተ ብቻ ነግሬህ በጓደኞችህ ላይ ላዳላ? ቀብሬ ላይ ና፤ ያን ጊዜ ለሁሉም እኩል ይነገራል” አሏቸው።

መምህር በድሉ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 6 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቦሰናን፣ ልጆቻቸውን ትዕግሥትንና ፈቃደን፣ እኛን ወንድምና እኅቶቻቸውን፣ እንዲሁም እዚህ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከልዩ ልዩ እምነት መጥተው የቆሙ ተማሪዎቻቸውን ትተው አርፈዋል።

መምህር ሁመድ፣ እንደተባሉት መጥተዋል። የሚከተለው ቃል በዚህ ጽሑፍ እንዲገባና ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲነበብ ያዘዙት፣ ይህን ቃል ለመስማት ከዚያ ስብሰባ ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቁት ወይዘሮ ቦሰና ናቸው፦ አዎን፣ ያምኑ ነበር።

በየጎሑ ደጇን የተሳለሟት እመቤት ዛሬም በሯን አትዝጋባቸው። አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸውና ለተማሪዎቻቸውም መጽናናቱን ይስጥ። አሜን።