በሄሮን «ባዶ» ስለተባለው ቤት

ለተከበሩ የጅቡቲ ከተማችን የሕዝብና የኑሮ ጥናት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ ኸምሲን የሚሉት የእሳት ነፋስ በመስኮትዎ እንዳልገባ፣ ማቀዝቀዣዎም ለአፍታ እንዳልቆመብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ፈትያ እባላለሁ፤ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ሳምቡሳ የምጠብስ ኢትዮጵያዊት ነኝ። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ያሳተሙት ያማረ የከተማ መግለጫ የነዋሪውን ቋንቋዎች ሲዘረዝር የኛን ስለዘለለው፣ የሚቀየም ሰው አይኖርም ብዬ ነው።

መግለጫውን ፈረንሳይኛ የሚያውቀው ጎረቤቴ ከሊፋ አንብቦልኛል። ዕድሜያችንን፣ ሥራችንን፣ የወደቡን ገቢ፣ የጣሪያችንን ቆርቆሮ ሳይቀር ጽፈዋልና እጅዎ ይባረክ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ተረስታለች፤ እህቴ።

ታናሽ እህቴ ኢማን ሄሮን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር ካለ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምትኖር ሠራተኛ ናት። አሠሪዎቿ እንደ ልማዳቸው የሙቀቱን ወራት አውሮፓ ሊያሳልፉ ሲሄዱ፣ ቤቱን እንድትጠብቅ ከውስጥ ትተዋት በሩን ከውጭ ቆለፉባት። እንግዲህ አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ፦ ለሕዝብ ቆጠራው የላኩት ቆጣሪ መጥቶ አንኳኳ። ኢማን ከበሩ ጀርባ ሆና መኖሯን ብትነግረው፣ በር ከፍቶ የሚያነጋግረው አባወራ ከሌለ ቤቱ ሰው እንደሌለው እንደሚቆጠር በትሕትና አስረድቷት፣ በሩ ላይ በጠመኔ «ባዶ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ከሌለ ሰው ጋር ይህን ያህል መነጋገሩ፣ ምንኛ ጨዋ ልጅ ቢቀጥሩ ነው!

2ኛ፦ ፖሊሶቹን ለምኜ ባመጣቸው፣ ጠመኔውን አይተው ባዶ ቤት አንሰብርም አሉኝ። ወደ ቢሮዎ ብመጣ ደግሞ ጸሐፊዎ ቆጠራው ስለተዘጋ ለሚቀጥለው እንድመለስ መከሩኝ። የሚቀጥለው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን ሳቁ።

3ኛ፦ ይህንንስ በቁጥር ልጽፈው አልችልም። መብራት ጠፍቷል፤ መብራት ሲጠፋ ውሃ የሚስበው ሞተርም ይቆማል። ግንቡ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት ስለሆነ አይወጣም። በበሩ ስር ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ውሃ ሳጠጣት ሰነበትኩ። ከትናንት ወዲህ ትኩሳት ጠንቶባት ትቃዣለች፤ እማዬ እያለች ትጠራኛለች፤ እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ክቡር ሆይ፣ እህቴ እየሞተችብኝ ነው! ምን ላድርግ? የማንን እግር ልሳም?

ድምፄን ከፍ በማድረጌ ይቅርታ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ብዬ ነው እንጂ፣ ለትጋትዎ ያለኝ ምስጋና ወሰን የለውም።

የወረቀትዎን ጥራትና የድምርዎን ማማር ከልብ የማደንቅ፣ ከተቆጠሩት ነፍሳት ተርታ ለመሰለፍ ያልበቃሁ ትሑት አገልጋይዎ፣
ፈትያ፣ ጅቡቲ ከተማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ በር ላይ ለጥፌ በቀጥታ ወደ ሄሮን እሄዳለሁ፤ ከሊፋ መዶሻ ይዞ እየጠበቀኝ ነው። የሀብታም ቤት የሚሰብር ሌባ ሲገኝ ፖሊስ ወዲያው ይደርሳል ይባላልና፣ እኔን ለመያዝ ሲመጡ እባክዎ ሐኪም ይዘው እንዲመጡ ይንገሩልኝ።