ለሽማግሌ ያልተለካ ጎማ

እሑድ

ኮቢ ዛሬም በሰው ፊት አዋረደኝ። አሽዶድ፣ ሮቫ ዛይን ሰፈር፣ ሕንጻችን ሥር መኪናዬን አቁሜ ስወርድ ጮክ ብሎ "አኺ፣ ወንድሜ፣ ሳይክልህን ቆልፋት፣ ይሰርቁሃል!" አለኝ። በረንዳ ላይ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ኮቢ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ጎረቤቴ ነው፤ ወታደር ቤትም አብረን ነበርን። ተረብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያስተማርኩትን መልሶ በእኔ ላይ! ደሜ ፈላ።

የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን ነው። ጎማዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ልክ ነው፣ ግን ወፍራም ሰውዬ የሕፃን ጫማ ያደረገ ነው የሚመስለው። ደግሞም አልቀዋል። መቀየሩ ካልቀረ በሰፊ ነው የምቀይረው። ቸርኬውን አልነካም፣ የራሷ ይበቃታል።

ቤት ስገባ ሌላ ጣጣ። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ሐሙስ ሽማግሌ ይልካል፣ ኪርያት ጋት ከተማ፣ ወደ ኦስናት ቤተሰቦች። ባለፈው ሲሄዱ አባትየው አቶ ፈረደ "ዘር እስክንቆጥር ታገሡ" ብለው መለሷቸው። ይኸው ሰባት ትውልድ ተቆጠረ፣ ዝምድና አልተገኘም። የቀረው የሳቸው ቃል ነው። ነጂው እኔ ነኝ፣ ከቤታችን መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ።

ጌታሁን ጣቱን ቀስሮ "ሰውዬው ሰበብ እየፈለጉ ነው። 'ያ ቀላጅ ወንድሙ' ብለው አንተን አንስተዋል። ሐሙስ አንዲት ቀልድ ብታመልጥህ ወንድሜ አይደለህም" አለኝ።

ምን አደረግኋቸው? አንድ ሠርግ ላይ ማይክ ይዤ "አሁን አቶ ፈረደ እስክስታ ይወርዳሉ" ብዬ አወጅኩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ መውጫ አጡ፣ ወረዱ። ቆንጆ ነው የወረዱት! ምስጋና ሲገባኝ።

ይኼን ሁሉ በአማርኛ የምጽፈው ታናሽ እህቴ ፊደሉን ስለማታነብ ነው። አማርኛዬ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕብራይስጤም ከአሥረኛ። ለመናደድ ግን ይበቃል።

ሰኞ

ወደብ አካባቢ ያለው ጎማ ቤት ሄድኩ። ቦሪስ የሚባል ሰውዬ ነው፣ ሲያወራ ሲጋራው ከከንፈሩ አይወርድም። "አሁን ያለህ 185 ነው። ምን ያህል ትፈልጋለህ?" አለኝ። "የኮቢን የሚያህል" ልል ነበር። "225" አልኩ።

ሳቀብኝ። ቸርኬህ ጠባብ ነው፣ እሱን ብገጥምልህ ጎማው ቀበቶ እንዳጠበቀ ቦርጫም ይሆናል አለኝ። እሺ፣ 205? 205 ይሆናል፣ ግን ወርዱ ሲጨምር ሁለተኛው ቁጥር፣ የከፍታው፣ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ጎማው ከፍ ይላል አለ። የኔ 65 ነው፣ 60 መሆን ነበረበት። 60ው ደግሞ ከመጋዘን እስኪመጣ እሑድ።

እሑድ! ኮቢ እስከዚያ ስንቴ ይስቅብኛል?

"65ቱን ግጠምልኝ" አልኩት። አየኝና ከኋላ ስንት ሰው ነው የምትጭነው ብሎ ጠየቀኝ። "ብቻዬን ነኝ" አልኩ። ዘበኛ ነኝ፣ ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። "ብቻህን ከሆንክ ይሄዳል" አለ። መሪውን ወዲያና ወዲህ አዙሮ አየ፣ ጎማው የትም አልነካም። አሮጌዎቹን ውጭ ከተከመሩት ላይ ወረወራቸው።

ገጠመ። ወጣሁ። አቤት!

ማክሰኞ

ድል።

ማሪና፣ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት፣ ወርጄ ቀስ እያልኩ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ካፌ የተቀመጡ ሰዎች አዩኝ። ምናልባት መንገድ ዘጋሁባቸው ይሆናል፤ ብቻ አዩኝ። መሪው ትንሽ ከብዷል። ይክበድ፣ ክንድ አለኝ።

ኮቢ መኪናዋን አያት፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ምንም አላለም። ዝም ስላለኝ ደግሞ ተናደድኩ። ከሱቅ የልጆች ሳይክል ደወል ገዛሁና የመኪናው መስታወት ላይ አሰርኩለት። ማታ ሥራ ሲሄድ በየጉብታው ቂሊሊል! አርባ ጊዜ ደወለልኝ። አንዱንም አላነሳሁም።

ረቡዕ

ዛሬ የሚነካኝ ወዮለት።

እማዬ ሮቫ ዳሌት ለቅሶ ድረሱልን ተብላ፣ እሷና ሦስት ጎረቤቶቿ ተሳፈሩ። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ከኋላ ገርርርፍ! አለ። ከጎረቤቶቿ አንዷ፣ እትዬ ዘነቡ፣ "ኡኡ!" ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ። "አንተ ልጅ፣ ደግሞ ምን ደበቅህብን?" ምንም! "አውጣው!" ባለፈው ስልኬን ከመቀመጫቸው ሥር ደብቄ የድመት ጩኸት አሰምቻቸው ነበር፣ እውነት ነው። ግን ያኔ ድመት ነበር፤ ይኼ ጎማ ነው!

ማን ሊሰማኝ። እማዬ እንኳ "ለቅሶ እየሄድን? አታፍርም?" አለችኝ። ስንደርስ ዐይኗን እያበሰች ወረደች፤ ለሟች ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ከጎማው በላይ ያለው ፕላስቲክ ተልጧል፣ የጎማው ትከሻ ተፍቆ ያበራል። ሴቶቹ ሲወርዱ መኪናዋም ቀና አለችና ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ!

ቦሪስ ዘንድ በረርኩ። ጮህኩበት። እሱም ጮኸብኝ፦ "ብቻዬን ነኝ አላልክም?" እንዴት ብዬ ላስረዳው? እኛ ዘንድ መኪና ብቻዋን የምትሄደው ስትሰረቅ ነው። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የታመመ አለ፣ የሚሄድ ሁሉ ተጠጋግቶ ይሳፈራል። ይኼንን እያወቅሁ "ብቻዬን" ያልኩት እኔን ምን ነክቶኝ ነው! አሮጌዎቹ ጎማዎቼ? በጠዋት የጭነት መኪና መጥቶ ሰብስቧቸዋል። 60ው? እሑድ።

ነገ አራት ሽማግሌ እጭናለሁ። አንዱ ጋሽ ጫኔ ናቸው። ጋሽ ጫኔ ብቻቸውን ሁለት ናቸው።

ማታ ያደረግሁት፦
የመኪናዋን ዕቃ መጫኛ ባዶ አደረግሁ። ድምፅ ማጉያዬን ነቀልኩ (አለቀስኩ ማለት ይቻላል)።
ኮቢን መኪናህን አውሰኝ አልኩት። "ደወሉን አውስሃለሁ፣ መኪናዋን ግን አልሰጥህም" አለ።
ለጌታሁን ልነግረው ሄድኩ። ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። "ጎማው..." ስል "ቀልድህን አልሰማም" ብሎ በሩን ዘጋብኝ።

ሐሙስ



ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ለብሰው ወረዱ። መሪያቸው አባ መኮንን ናቸው፣ የእማዬ አጎት። "ከኋላ ሁለት ብቻ ቢሆኑ፣ የቀሩት በአውቶቡስ..." ብዬ ጀመርኩ። አባ መኮንን "ሽማግሌ ተከፋፍሎ ደጅ አይረግጥም" አሉና ከፊት ገቡ። አለቀ። ጋሽ ጫኔ ከኋላ መሃል ተቀመጡ። መኪናዋ ቁጢጥ አለች።

ከአሽዶድ ሳንወጣ ገርርፍ። ጋሽ ጫኔ "ጀመረ!" አሉ። አደባባዩ ላይ ገርርርርፍ። "ዛሬስ ለወንድምህ ብለህ ተወን እንጂ!" በእማዬ ስም ማልሁ። ከጎናቸው ያሉት ሽማግሌ "እናቱንም ለቀልድ ይምልባታል" አሉ። እንባዬ መጣ። ለተንኮል ስንቴ ያለቀስኩ ስለሆነ እሱንም አላመኑኝም! ቀጥሎ የላስቲክ ሽታ። አባ መኮንን በቀስታ "መልሰን። እንዲህ እየተዘባበተብን የሰው ልጅ አንጠይቅም" አሉ።

ብመልሳቸው ጌታሁን ኦስናትን ያጣል። አልመለስኩም። ነዳጅ ማደያ ገብቼ አቆምኩ፣ በራቸውን ከፈትኩ፣ "አባ፣ በሞቴ፣ በእጅዎ ይንኩት" አልኩ።

ወረዱ። ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ጎንበስ አሉና ጎማውን ነኩት። እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። የተላጠውን ላስቲክ በጣታቸው ለቅመው አሸተቱ። ከዚያ ወደ መኪናው ዞረው "ዝም በሉ። ልጁ ዛሬ አልዋሸም። ቀልደኛው ጎማው ነው" አሉ።

እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ለኮቢ ደወልኩ። "ካሜራው የት ነው የተደበቀው?" ብሎ ሳቀ። ዘጋ። ደግሜ ደወልኩ፣ ሰደበኝ። አባ መኮንን ስልኩን ከእጄ ወሰዱና "ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ መንገድ ላይ ቀርተናል" አሉት። ለሽማግሌ እንቢ የሚል አንደበት ኮቢም የለውም። በቤት ጫማ መጣ። ጋሽ ጫኔና አንዱ ሽማግሌ ወደሱ መኪና ተዛወሩ። የኔዋ ቀና አለች፣ ጩኸቱ ጠፋ።

ግን ስንደርስ ፀሐይ ገብታለች። አቶ ፈረደ "ፀሐይ ሳትጠልቅ" ነበር ያሉት። ደጅ ላይ ቆመዋል። ሁለት መኪና ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሳ፤ እኔን ሲያዩ ወረደ። አራቱ ውጭ ተሰባስበው አንድ ላይ ገቡ። እኔና ኮቢ ደረጃው ሥር ቀረን። ኮቢ አንዴም አልቀለደም። ይህ አስፈራኝ።

ሲወጡ ፊታቸው ግድግዳ ነው። ቃሉ መጀመሪያ ለወላጅ ነው የሚነገረው፣ ለነጂ አይደለም። እስከ አሽዶድ አባ መኮንንን ለመንኳቸው። "እሺ አሉ?" ስል "መንገድህን እይ"። መንገዱን አየሁ። መንገዱ ምን ይነግረኛል!

ዓርብ

ጠዋት አባ መኮንን መጡ፣ ከአባዬና ከእማዬ ጋር ሳሎን ገብተው ዘጉ። እኔና ጌታሁን ኩሽና ቆመን። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ትናንት ማርፈዳችንን ሰምቷል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ጎማው ነው፣ እመነኝ" አልኩ። "ዝም በል" አለ። ሲጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንገት የእማዬ እልልታ።

አቶ ፈረደ እሺ ብለዋል! ማርፈዳቸውን አንስተው "ያ ልጅ ነው ያስረፈዳችሁ?" ሲሉ አባ መኮንን "እሱ ነው። ልንመለስ ስንል አልቅሶ ያደረሰንም እሱ ነው" ብለው መለሱ አሉ።

ግን ቅድመ ሁኔታ አለ። የሠርጉ ዕለት ሙሽሮቹን ሌላ ሰው ይነዳል። እኔ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ከአቶ ፈረደ ጎን ተቀምጬ እውላለሁ። ከወንበሬ ስነሳ እሳቸውም ይነሳሉ። በገዛ ወንድሜ ሠርግ እስረኛ! ማን ነው የሚነዳው ብዬ ብጠይቅ ኮቢ! በጣም ተናድጃለሁ። ይህንን ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ሻባት፣ ሰንበታችን፣ ሊገባ ነው። ጌታሁን ገላውን እየታጠበ ይዘፍናል፣ ድምፁ የአህያ ነው። የሙቅ ውሃው ማጥፊያ ከውጭ፣ እጄ አጠገብ ነው።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዛሬ ይዝፈን።