የደሴቷ አረፋ

ኖቬምበር 9
የማታ ትምህርት ጨረስኩ። መምህሩ "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፣ አለዚያ እጃችሁ ይረሳል" አለን። ከሃያ ሰባት ሰው የሚነበበው የኔ ጽሑፍ ብቻ ነው። የሌላው ሸርጣን የሄደበት አሸዋ ይመስላል።
ዛሬም ባህር ጠላቂ እንግዶች በጀልባ ወሰድኩ። ምን ሊያዩ እንደሚገቡ እስካሁን አልገባኝም... ዓሣ? ገበያ ሞልቶ የለም? እኛ ከባህር በሰላም ለመውጣት እንጸልያለን፣ እነሱ ብረት ተሸክመው ይገቡበታል።

ኖቬምበር 12
የጀልባዋ ባለቤት ሐጂ ዲኒ አዲስ የጠላቂዎች መሪ ቀጠረ። ሐስና ትባላለች። የኛው መንደር ልጅ፣ ከተማ ያደገች። ገመድ ያለው ብርቱካንማ ፊኛ ይዛ መጣች።
"ስንጠልቅ ይሄ ከላያችን ይንሳፈፋል። አንተ እሱን ትከተላለህ።"
"ዒድ ነው እንዴ፣ ፊኛ የያዝሽው?"
"አጎቴ ባዱል፣ ቀልዱን ለምሳ አቆየው።"
ሃያ ሁለት ዓመት ጀልባ የነዳሁ ሰው በፊኛ ልመራ? ከታች ሲተነፍሱ የሚወጣውን አረፋ አይቼ ነው የምከተለው። ፈረንሳዩን ከጣሊያኑ በአረፋው እለያለሁ።

ኖቬምበር 13
ነፋስ። አልወጣንም። ሐስና ገመድ ስትቋጥር ዋለች። ቋጠሮዋ... የፍየል ማሰሪያ።

ኖቬምበር 15
ነገ የሰይጣን ደሴት። ጉቤት ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለችው፣ እሳት የተፋት ጥቁር ድንጋይ። ዓሣ አጥማጆቻችን ጂን አለባት ብለው አይረግጧትም። ፈሪዎች። እኔም ረግጫት አላውቅም። የኔ ምክንያት ግን ሌላ ነው... ምን አላትና?

ኖቬምበር 16
መጻፍ አልፈለግሁም። ግን...
ፊኛውን ወንበር ስር ወሸቅሁትና "ቤት ቀርቷል" አልኳት። ባህሩን አየች፣ እንግዶቹን አየች። ባልና ሚስት ናቸው፣ ለብሰው ጨርሰዋል።
"እንግዲያው አረፋችንን ከዓይንህ እንዳታጠፋው። ውሃው ከዞረ ወደ ጠባቡ በር፣ ወደ ባህሩ መውጫ ነው የሚወስደን፣ እዚያ ከገባን አለቀልን።"
"ያንቺን አረፋ በስሙ እጠራዋለሁ።"
ገቡ። ከደሴቷ ጥግ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እዚያው ቆሜ ዳቦዬን በላሁ። አርባ ደቂቃ... አረፋው ንቅንቅ አላለም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይተያያሉ ብዬ ሳቅሁባቸው። ከገቡ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆናቸው። የማን የአየር ሲሊንደር ነው ይህን ያህል የሚቆየው? እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ።
ትኩስ ነው።
የሰው ትንፋሽ አልነበረም። ደሴቷ ነበረች የምትተነፍሰው፣ ከታች፣ ከእሳቷ።
ዞርኳት። የሉም። ከጀልባ ላይ ሩቅ አይታይም... ረገጥኳት። ድንጋዩ ጫማዬን በላው፣ በአራት እግሬ ወጣሁ። ጂን ካለባት ስቆብኛል። ከጫፏ ላይ ሆኜ ሳይ፣ ከጠባቡ በር ወዲህ ሦስት ጥቁር ነጥቦች።
ስደርስ ሐስና ሁለቱንም በማሰሪያቸው ጨምድዳ ይዛለች። ሴትዮዋ ታስመልሳለች። ሐስና ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።
"የማንን አረፋ ነው ስትጠብቅ የነበረው?"
"የደሴቷን።"
መጀመሪያ ባልና ሚስቱን ወደ ላይ ገፋቻቸው። እሷ ጀልባዋ ላይ ስትወጣ ወንበሩ ስር ያለውን አየችው።

ኖቬምበር 17
የሆነው ሁሉ የጀልባዋ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ሐጂ ያነበዋል። ሐስና እስክሪብቶውን ዘረጋችልኝ።
"ተማርኩ እያልክ ስትፎክር አልነበር? በል።"
"ሞገዱ ከባድ ነበር" ብዬ ጻፍኩ። አነበበች። መዝገቡን መልሳ ሰጠችኝ። ሰረዝኩት።
"ፊኛውን ደብቄ የደሴቷን አረፋ ስጠብቅ ሰዎቹን ባህር ወሰዳቸው። ባዱል።"
ፊደሉ ያምራል... ምን ዋጋ አለው።

ኖቬምበር 18
ሐጂ ሁለት ጊዜ አነበበው። "ስላልዋሸህ አላባርርህም። የጀልባዋን መሪ ግን አትነካም" አለ።

ዲሴምበር 4
ደሴቷ ጋ ዋልን። መሪውን የያዘው የሐጂ የእህት ልጅ ነው፣ ጀልባዋን እንደ አህያ ይነዳታል። የኔ ሥራ ከፊት ቁጭ ብሎ ፊኛውን ማየት። ሐስና የቋጠርኩትን ፈትታ እንደገና ቋጠረችው። የሷን ቋጠሮ ልፈታ ሞክሬያለሁ፣ እምቢ ብሏል።
የሌላ ጀልባ ሰዎች በአጠገባችን ሲያልፉ "ባዱል፣ ዒድ ነው እንዴ?" አሉኝ።
ስንት መልስ አፌ ላይ መጣ... ዞሬ አላየኋቸውም። የማያውቁ። ፊኛው ትንሽ ወደ በሩ ሸሸ።
"ተከተለው" አልኩት ልጁን።