እማዬ ፍል ውሃ የወረደች ሰሞን

ጥር 6 ቀን 1957
ዛሬም ከመሥሪያ ቤቱ ወሬ የለም። ለጸሐፊነት ከተፈተንኩ ስንት ጊዜዬ... ዘበኛው ለምዶኛል። ገና ከሩቅ ሲያየኝ “የኔ እህት፣ ገና ነው!” ይለኛል። ስንመረቅ ቢሮው ሁሉ በሩን ከፍቶ እኛን የሚጠብቅ መስሎኝ ነበር። ይሁን፣ ነገም እሄዳለሁ።

እማዬ ግን ደስ ብሏታል። ከጥምቀት በኋላ ቆላ ወርደን ፍል ውሃ ልትገባ ነው። ቁርጥማቱ ጉልበቷንና ጣቷን ከያዛት ወዲህ ከአልጋ እስከ በር የምትሄደው ግድግዳ ይዛ ነው። አባባ “እዚሁ ከተማችን ፍል ውሃ አለ አይደል?” ቢሏት፣ “በቧንቧ የመጣ ውሃ መድኃኒት አይሆነኝም። ከመሬት ሲፈላ በዓይኔ ልየው” አለች። ወንድሜ አሸብር ከአሰብ ሲመለስ በከባድ መኪናው ሊያደርሰን ነው። “ቁልቁለቱን ደግሞ አዝዬሽ እወርዳለሁ” ብሏታል። ይህን ዛሬ ብቻ ስንት ጊዜ ነገረችኝ!

ጥር 13
አሸብር ሞተ።

ጥር 14
ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

አብሮት የሚነዳው ሙነወር ነው እህል በረንዳ፣ አባባ ሱቅ ድረስ መጥቶ የነገራቸው። በጥምቀት ዕለት ባቲ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ... እዚያው ቀበሩት። አባባን ጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። “አሸብርን...” አሉና ቀሪው አልወጣቸውም።

የእማዬ ወንድም ጋሼ አስናቀው የሱቁን በር ከውስጥ ዘጉ። እማዬ እንዳትሰማ ነው ምክሩ። “ሐዘንተኛ ፍል ውሃ አይገባም። ዛሬ ካረዳናት ዓመቱን ሙሉ ከፍራሿ አትነሳም። ያን ጊዜ እግሯ አለቀ በይው። መጀመሪያ ትዳን።”
“እናቱ አይደለች እንዴ? ዛሬውኑ ማወቅ አለባት!” አልኩ።
“እንድትማሪ ላክንሽ እንጂ እንድታስተምሪን አልላክንሽም።” አልተቆጡም። እያለቀሱ ነው ያሉት።
አባባ ቀና ብለው አዩኝ። “ሠርኬ... ልጄንም እግሯንም በአንድ ጊዜ ልጣ?”
 ዝም ማለቴ እሺ ሆነ።

ጎረቤታችን እትዬ ሀጅራ በየቤቱ ዞረው ማንም ድምፅ እንዳያሰማ ለመኑ። ሰፈሩ በሙሉ በየጓዳው አለቀሰ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና “ዛሬ ምነው ሰፈሩ ጭር አለ?” አለችኝ።

ጥር 16
አባባ ጢማቸውን ተላጩ። ልጁን የቀበረ ሰው ይላጫል? እንዳትጠረጥር ነው። መስተዋቱን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። አገጫቸውን ቆረጡት።

ጥር 17
ወረድን። አሸብር ጭነት አሰብ አቆየው ብለናታል። “እሱ መቼም ቃሉ እንደ መኪናው ነው፣ መንገድ ላይ ይቆማል” ብላ ሳቀች።

እስከ ገደሉ አፍ በአውቶቡስ፣ ከዚያ እሷ በኪራይ በቅሎ፣ እኛ በእግር። እትዬ ሀጅራ በአንድ ጎን፣ እኔ በአንድ ጎን ደግፈናታል። ጋሼ አስናቀው ፊት ፊት እየሄዱ ያለከልካሉ።
“አስናቀው! ወይ አንተ በቅሎዋ ላይ ውጣ፣ እኔ ልሳብህ!”
“ዝም በይ እቴቴ፣ ትጥይኛለሽ!”
አባባ በጣም ወደ ኋላ ቀርተዋል። “ሰውዬው ምነው ቀረሳ? አረጀ እንዴ?” ትላለች። እኔ ነኝ ዘወር ብዬ ያየኋቸው። ድንጋይ ተደግፈው ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ነበር።

ጥር 19
ፍል ውሃው ከጥቁር ዓለት ሥር ነው የሚወጣው። ጠዋት ለሴት፣ ከሰዓት ለወንድ። መጀመሪያ ስትገባ ጮኸች፤ ኋላ ግን “ኧረ አጥንቴን አገኘው!” አለች።

አንዲት ሴት ውሃው ውስጥ ሆና ጠየቀቻት። “ስንት ወለድሽ?”
“ሁለት። ሴቷ ይቺት፣ ተምራለች፤ ቢሮ ትገባለች። ወንዱ ሾፌር ነው። መኪናው ቤት ያክላል፣ እሱ ግን ከሲታ!”
ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ሀጅራ ፈጥነው ሙሉ ጣሳ ውሃ ፊቴ ላይ አፈሰሱብኝ። ባያፈሱብኝ ኖሮ...

ጥር 22
ጣቶቿ ተፈቱ። “ነይ እዚህ ቁጭ በይ፣ ሹሩባ ልሥራሽ” አለችኝ። ከስንት ዓመት በኋላ! እንዴት እምቢ ይባላል? ጉልበቷ መካከል ተቀመጥኩ። ሌላዋ ወንድሟ ሲሞት ጠጉሯን ትፈታለች፣ ራሷን ትላጫለች... እኔ ተሠራሁ።
“ምን ያስለቅስሻል? ጎተትኩሽ እንዴ?”
“አዎ እማዬ። ጎተትሽኝ።”
“አይዞሽ። አሸብር ሲመጣ ሲያይሽ ይቀናል።”

ጥር 24
ዳገቱን በእግሯ ወጣች! በቅሎዋ ባዶዋን ተከተለችን።

እዚያ እግር ላገኘ ሰው እልል ይባላል። ሴቶቹ እልል አሉላት፣ እሷም መለሰችላቸው፤ ትከሻዋን ነቅነቅ ነቅነቅ... ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ! ወዲያው አሸብርን አስታወስኩ። ሰው ሁለቱን በአንድ ልብ ይይዛል?

እረፍት ስንቀመጥ ጋሼ አስናቀውን “አሁኑኑ እንንገራት” አልኳቸው። “ገደል አፋፍ ላይ? በይ ዝም በይ፤ ነገ ቤታችን በወጉ ይነገራታል።”

ጥር 25
ጎህ ሳይቀድ ዘመድና ጎረቤት ግቢውን ሞላው። የመርዶ ወጉ እንዲህ ነው። ጋሼ አስናቀው በሩን መቱ።
ተነስታ የከፈተችላቸው ራሷ ናት። በደና እግሯ ሄዳ።

ጥር 29
ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።
“መቼ ነው?”
“በጥምቀት።”
ቀኖቹን በጣቷ ቆጠረች።
“እንግዲያ እልል ስል አፈር በልቶት ነበር።”
“እግርሽ እንዲድን ብለን ነው እማዬ...”
“እግሬን ማን ጠየቃችሁ? ልጄ ሞቶ አስጨፈራችሁኝ። እናንተ እንኳ በየጓዳው አለቀሳችሁለት። እኔ ብቻ ነኝ ያልደረስኩለት።”
አባባ በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ገባ ሊሉ አሰቡና ተመለሱ።

የካቲት 8
ሹሩባዬን የፈታሁት በመርዶው ዕለት ነው። ዛሬም ማበጠሪያው ላይ የፍል ውሃው ሽታ ያለ መሰለኝ... የለም፣ መስሎኝ ነው።

እማዬ ጠዋት ጠዋት ራጉኤል ትሄዳለች። ብቻዋን፣ ያለ ምርኩዝ። እህል በረንዳ ያሉት ሴቶች “እሰይ እቴቴ፣ ዳንሽ!” ይሏታል። አትመልስላቸውም። ከአባባም ጋር ከሚያስፈልግ ነገር በቀር አታወራም።

የካቲት 17
ሥራ አገኘሁ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ጋሼ አስናቀውን የሚያውቅ ሰው አለ። ትናንት ማታ ስሜን የተቀጠሩት ዝርዝር ላይ እንዳየ ነገራቸው። እሳቸው አላስቻላቸውም፤ ሱቅ ሳይከፈት፣ ገና ሳይነጋጋ አባባን ከደጅ አግኝተው ሁለቱ ተያይዘው ገቡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ።

እማዬ አየቻቸው። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተነሳች፣ ሻሿን ከራሷ ፈታች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።
“በሉ ንገሩኝ” አለች። “አሁንስ ማን ነው?”
“ኧረ ደስታ ነው እቴቴ! ሠርኬ ተቀጠረች!”
“ሠርኬ ምን ሆነች?”
“ሥራ! ሥራ አገኘች!”
“ልጄ የት ናት?”
እየሮጥኩ ወጣሁ። “አለሁ እማዬ! አለሁ!” ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው፣ ትከሻዬን ዳሰሰች፣ ክንዴን ዳሰሰች። ከዚያ ነው ደረቷን መምታት የጀመረችው። ጎረቤት በልቅሶዋ ደንግጦ ገባ፤ እትዬ ሀጅራ ባዶ እግራቸውን ነበሩ። እንኳን ደስ ያለሽ ያለኝ የለም። ማን ይበለኝ?

አባባ ሱቅ ሊወርዱ ሲሉ ከበር መለስ ብለው ጠሩኝ።
“ሠርኬ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ደስታ ይዞ የሚመጣ ሰው በቀትር ይምጣ። ብቻውን። ከሩቅ እየሳቀ።”

ሰኞ ሥራ እገባለሁ። የምመለሰው ሲመሽ ነው... ገና ከመንገዱ ጀምሬ መሳቅ ሊኖርብኝ ነው። እችል ይሆን?