በመስታወት ሣጥን ስለተቆለፈው ጎዶሎ መጽሐፍ

ለሕገ መንግሥታችን የአርባኛ ዓመት መታሰቢያ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በሦስት ቀን አምስት ንግግር ላደረገው ጉሮሮዎ ፈጥኖ መሻልን፣ ለባለቤትዎ ዕረፍትን፣ የት እንዳሉ ለሚያውቋቸው ልጆችዎም ረጅም ዕድሜን ከልብ እመኛለሁ።

ክቡርነትዎ ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ በአርቃቂዎቹ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። በመክፈቻ ንግግርዎ «በታላላቅ አባቶች እጅ የተጻፈ» ሲሉ በቴሌቪዥን ሰምቼ ሳላስበው የገዛ ጣቶቼን አየሁ። አባቶቹ ተከራክረዋል፣ ሲጋራ አጭሰዋል፣ አንዳንዴም ተሰዳድበዋል፤ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፣ እግሩ በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ፣ በሦስት ካርቦን፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ። ያን ጊዜ በሆዴ የነበረው ልጅ ዛሬ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ጊዜዎን የምሻማውም በእርሱ ጉዳይ ነው። ምስጋናና አቤቱታዬን እንደ ወጉ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ለበዓሉ በቆዳ የሚጠረዘውን ልዩ ቅጂ ለልጄ ስለሰጡት አመሰግናለሁ። ምናልባት ሥራውን አያውቁት ይሆናል፦ መጽሐፍ የሚሰፋው እጥፍ በእጥፍ፣ አብረው በታጠፉ ገጾች ጥቅል ነው፤ በየእጥፉ ጀርባ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት አለ፤ እጥፎቹ ሲደረደሩም ምልክቶቹ እንደ ደረጃ ይወርዳሉ። ልጄ ደርድሮ ሲያይ ደረጃው ዘለለበት። ሦስተኛው እጥፍ፣ አሥራ ስድስት ሙሉ ገጽ፣ አልነበረም። ማተሚያ ቤት ሄዶ የጎደለውን ከትርፍራፊ መሀል ፈልጎ አመጣ፤ ተጨማዶ ስለነበር ቤታችን በከባድ ጣውላ ሥር አስተኛው፤ ከዚያም የግማሽ ቀን ጊዜ እንዲሰጡት የፕሮቶኮል ኃላፊዎን ለመነ። ኃላፊው መጽሐፉ በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ማንም እንደማይገልጠው፣ የከሰዓቱም ልምምድ ሊጀመር እንደሆነ በትሕትና አስረዱት። ልጄ ግን በግትርነት አባቱን ነው የወጣው፤ ጎዶሎ መጽሐፍ አልሰፋም አለ። ይህን ጥፋቱን አልክድም።

2ኛ. ስለ ፖሊሶቹ ቅልጥፍና ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የሰፈራችን የፈነዳ የውኃ ቧንቧ እንዲጠገን ሁለት ዓመት ሙሉ እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሻለሁ፤ ልጄን «በዓል በማደናቀፍ» ለመያዝ ግን ሩብ ሰዓት በቃ። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ዳኛ ፊት አልቀረበም። ለምን ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር የጣቢያው አዛዥ ዳኞቹም በበዓሉ ዝግጅት እንደተጠመዱ፣ ነገሩ በዓሉ ሲያልፍ እንደሚታይ ነገሩኝ። በዓሉ ካለፈ አራት ቀን ሆነው፤ አሁን ደግሞ ዕረፍት ላይ ናቸው።

3ኛ. ሦስተኛው እጥፍ ላይ ምን እንዳለ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። አንቀጽ ሃያ ሁለት እዚያ ነው፤ የተያዘ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚለው። አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። አንዱ አርቃቂ «በተቻለ ፍጥነት» ይባል ይላል፣ ሌላው አምስት ቀን ይሁን ይላል፣ እኔ ወረቀት ቀድጄ ሌላ አስገባለሁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ፣ በወጣትነታቸው ክስ ሳይመሠረትባቸው ሁለት ዓመት የታሰሩ ሰው፣ መጥተው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሙና «ልጄ፣ ቁጥሩን ጻፊው፣ ቁጥር ከሌለው ይረሱታል» አሉኝ። ጻፍኩት። እርሳቸው ሞተዋል፤ እንኳንም ይህን አላዩ።

4ኛ. ለልጄ የላኩለት የክብር መግቢያ ካርድ እስር ቤት ከገባ በሦስተኛው ቀን ደርሶናል። ሦስተኛ ረድፍ፣ መሀል ላይ። በዕለቱ ካሜራው በዚያ ሲያልፍ ወንበሩን ፈለግሁት፤ አንድ ሰው ኮቱን አስቀምጦበታል። ከዚያ እርስዎ በነጭ ጓንት መጽሐፉን ሣጥን ውስጥ ሲያስገቡ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ሌላ ጠራዥ ቢሰፋውም ቆዳውን የመረጠው ልጄ ነበርና ወዲያው ለየሁት። አንጀቴ አረረ፣ ክቡር ሰብሳቢ። ይህን በትሕትና ቃል እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም።

የምለምንዎት ልጄን እንዲፈቱልኝ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በሥራ ብዛትዎ ላይ አልጨምርብዎትም። አንድ ዳኛ ከዕረፍቱ ተጠርቶ ፊቱ ያቁመው። ጥፋተኛ ከሆነ ጥፋተኛ ነው ይበለኝ፤ እኔም ስንት ዓመት ስንቅ እንደማመላልስ ቁርጤን ልወቅ።

ለሃምሳኛው ዓመት በዓል በሙሉ ጤንነትና ከዚህም በበለጠ ድምቀት እንዲያደርስዎ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የአንቀጽ ሃያ ሁለት የመጀመሪያ አንባቢ፣
የቀድሞዋ ታይፒስት፣ የዛሬዋ ስንቅ አቀባይ፣
የጠራዡ እናት

ማስታወሻ፦ የጎደለው እጥፍ የት ገባ ብለው እንዳይጨነቁ፣ እኔ ዘንድ ነበር። ትናንት የልጄን ዳቦ ጠቅልዬበት ወደ ጣቢያው ወሰድሁ። በሩ ላይ ያለው ጎልማሳ ጠባቂ ምግቡን ሊፈትሽ ወረቀቱን ፈታ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ዳቦውን በብብቱ ይዞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ድምፁን ዝቅ አድርጎም «እማማ፣ ይሄ የየት አገር ሕግ ነው?» አለኝ። የራሳችን ነው፣ ካላመንክ ሄደህ በመስታወቱ ሣጥን ያለውን እይ ልለው አፌን ስከፍት፣ እዚያ እንደሌለ ትዝ አለኝ።